ኢሲቲው (በሰመመን ውስጥ በኮረንቲ ንዝረት እየተነሳ የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና) ይቀጥል ተብሏል፤ ከደሴ ሆኖ እንዴት ይያዛል?

ሆጤ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታማሚው 31 ዓመቱ ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ። ሁለት መድኃኒት በበቂ መጠን ተሞክሮ ስላልያዘለት ክሎዛፒን ተጀመረ፤ አሁን ቀን በቀን 300 ሚሊግራም ይወስዳል። ለብቻው የሚሰማው ድምፅ አልለቀው ሲል አዲስ አበባ 12 ጊዜ ኢሲቲ ተሰጠውና መብላት፣ ሰው ማናገር ጀመረ። ሐኪሙ በሕክምናዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እያሰፋን እንቀጥላለን ብለዋል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለሱ የግድ ነው?

የጦሳ ሥር፦
አብሽር ወንድሜ። ኢሲቲ በሽታውን ያበርደዋል እንጂ አይነቅለውም። የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ በድንገት ካቆመ ብዙ ሰው ላይ ሕመሙ በወራት ውስጥ ያገረሻል፤ ክሎዛፒን ብቻውን ያልያዘው ሰው ላይ ስጋቱ ይብሳል። የተለመደው አካሄድ ለአንድ ወር ያህል በሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ በ2 ሳምንት፣ በ3 ሳምንት፣ ከዚያ በወር ነው። እንቅልፍ ማጣትና ለብቻ ማውራት ከተመለሰ ክፍተቱ ይጠብባል። ስለዚህ ለጊዜው መመላለሱ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ግን ክሎዛፒኑ እንዳይቋረጥ። መንገድ ተዘግቶ ወይም ክኒን አልቆ 48 ሰዓት ካለፈው በድሮው 300 አታስጀምሩት፤ ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ከ12.5 ሚሊግራም ተነስቶ ነው ቀስ እያለ የሚጨመረው። ሁልጊዜ የ2 ሳምንት ክኒን ትርፍ ይኑራችሁ። ክሎዛፒን ነጭ የደም ሴልን ሊያሳንስ ስለሚችል የሚደረገው ቆጠራ ደሴ ይሠራል፤ ለመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት በየሳምንቱ ነው። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዕለቱ ይቆጠርለት።

ሰመመን፦
የዕለቱን ነገር ልጨምር። ምግብ ለሕክምናው 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። እኛ ወሎዎች ዘንድ የሚያሰጋው የጠዋት ቡና ነው፤ ከአቦል ጋር ቆሎው ይከተላል። ሆድ ባዶ ካልሆነ በሰመመን ውስጥ ትውከት ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ሕክምናው ይሰረዛል፤ ያ ሁሉ መንገድ በከንቱ። ጫትም ይቅርበት፤ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ድምፁንም ያባብሳል።

ጡንቻ የሚያላላው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ከአንዱ ቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የግፊት መለኪያው ጨርቅ ይነፋል። መርፌው እዚያ እግር ስለማይደርስ ሌላው ሰውነት ጸጥ ብሎ ያ እግር ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ሰከንድ የሚቆጠረው በእሱ ነው። ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ጥሩ ነው። 2 ደቂቃ ካለፈ በመድኃኒት ይቆማል። ሕክምናው ሲደጋገም ንዝረቱ እያጠረ ይመጣል፤ ያኔ ኮረንቲው ከመጨመሩ በፊት ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ንዝረቱን የሚያዳክመው እሱ ነው። የሚወስደውን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።

ሆጤ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል? መርሳቱስ?

የጦሳ ሥር፦
በዕለቱ በደሴ መንገድ ያለውን ጣርማ በርን አታስወጡት፤ ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ራሱን ያመዋል። ከሰው ጋር ይደር። መርሳቱ በብዛት ሕክምናው የተሰጠባቸውን ሳምንታት ነው የሚነካው። በየወሩ አንድ ዓይነት 5 ጥያቄ ጠይቁትና ደብተር ላይ ጻፉ፦ ያለፈው በዓል የት ዋልክ? ማን መጥቶ ነበር? መልሱ እየሳሳ ከሄደ ደብተሩን ለሐኪሙ አሳዩ፤ ክፍተቱ ሊሰፋ ወይም ኮረንቲውን የሚያስተላልፈው ኤሌክትሮድ በአንድ የጭንቅላት ወገን ሊደረግ ይችላል።