ጎብኚው የራሱን የውስጥ ድምፆች እንዲያገኝ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የቡድን ኤግዚቢሽን ሥራ እያዘጋጀሁ ነው። ሐሳቡ አንድ ሰው ውስጥ ስላሉት ብዙ ማንነቶች ነው። እኔ ውስጥ ሁሉን ካልተቆጣጠርኩ የምትል አለች። ሰው ፊት መቆም የምትፈራ ልጅም አለች። ቱግ የምትልም አለች። ለሦስቱም አሮጌ የቤት ስልክ አገኘሁና ድምፃቸውን ራሴ ቀዳሁ። ጎብኚው እጀታውን ሲያነሳ አንዷ ታወራዋለች። ጓደኞቼ ሞክረው ወደዱት። የሰሙት ግን እኔን ነው። የራሳቸውን እንዲያገኙ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀራፂው፦ እህቴ፣ የብራዚላዊቷን የሊጂያ ክላርክን ሥራዎች ፈልገሽ እያቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓይን፣ ጆሮና አፍንጫን የሚሸፍኑ ጭምብሎች ሠራች። የለበሰው ሰው ወደ ራሱ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ ሪዮ ዲ ጄኔሮ በሚገኘው ቤቷ ሰዎችን አንድ በአንድ እየተቀበለች፣ ሰውነታቸው ላይ አሸዋ፣ ውሃ ወይም አየር የያዙ ከረጢቶች ታስቀምጥ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከረጢቱ ላይ «ፍርሃት» ተብሎ አለመጻፉ ነው። አሸዋው ይከብዳል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ በቃ። ስሙን የሚያወጣለት የተኛው ሰው ነው። ስልኮችሽን አትጣይ። ድምፅሽን ግን አውጪውና በየእጀታው ውስጥ የተለያየ ክብደት አስገቢ። ማውራት ያለበት ጎብኚው ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ በሙያዬ የምጨምረው አለኝ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀመረው የሕክምና ዘዴ፣ ክፉ የሚባል የውስጥ ክፍል የለም። ተቆጣጣሪዋም ቱግ የምትለውም ጠባቂዎች ናቸው። የሚጠብቁት የተጎዳችውን ልጅ ነው። ስለዚህ እባክሽ ልጅቷን በሰው መሀል አታስወጪያት። አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ክፍል አዘጋጂ፣ መውጫው ይታይ፣ የሚባለውም አይቀዳ። ይሄ ለእኔ ከውበቱ ይቀድማል።

ጎራ ያልኩ፦ ካሜራና ሞተር የሚያስብ ካለ የዳንኤል ሮዚንን የእንጨት መስታወት ይይ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ነው፤ 830 እንጨቶች እየተንቀሳቀሱ የቆመውን ሰው ምስል ይሠራሉ። ድንቅ ነው፣ ግን የሚያሳየው መልክን ነው። እኔም ከቀራፂው ጋር ነኝ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ድምፄን አወጣለሁ፣ ክፍሉንም በመጋረጃ እከልላለሁ። ቀራፂው፣ እጀታው ውስጥ አሸዋ ብሞላ ገመዱ ይችለዋል ወይስ በሌላ ልቀይረው?