በ6 ቀን 5 ጨዋታ፦ የ1899 የሰዋኒ ቡድን እንዴት ቻለው?

የአዘዞው መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ልጆቻችን በ3 ቀን ውስጥ 2 የእግር ኳስ ጨዋታ ተጫውተው ነበር፤ በማግስቱ ተከላካያችን የሕንፃውን ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ በጎን በጎኑ ሲረግጥ አየሁት። ካልሲውን ሳስወልቀውም ጨርቁ ከተላጠው ተረከዙ ጋር ተጣብቆ ነበር። በዚያው ሰሞን ኳሱ በእጅ ተይዞ ስለሚሮጥበት የአሜሪካ ኮሌጆች እግር ኳስ አጀማመር ሳነብ፣ በቴኔሲ ተራራማ አካባቢ የሚገኘውና ሰዋኒ እየተባለ የሚጠራው አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ በ1899 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከዓድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ፣ በ6 ቀን 5 ጨዋታ አድርጎ አምስቱንም አንድ ነጥብ እንኳ ሳይቆጠርበት ማሸነፉን አነበብኩ። ይህ በሰው አቅም እንዴት ሆነ? እንደ እኛ ደጋ ላይ መኖራቸው ረድቷቸው ይሆን? ለመሆኑ እንዲህ ያለውን መርሐ ግብር ማን አወጣው?

ቀሃ ዳር፦
የተከበሩ መምህር፣ ዋናው ጥያቄ የመጨረሻው ይመስለኛልና ከእሱ ልጀምር። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ሰዋኒ ከቅርብ ተቀናቃኙ ከቫንደርቢልት ጋር በመግቢያ ገቢ ክፍፍል ተጣልቶ ስለነበር፣ ብዙ ተመልካች ይስብ የነበረው ጨዋታቸው በዚያ ዓመት ቀረ። ይህን ገቢ ለመተካት የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ተማሪ ሉክ ሊ፣ በኋላ የቴኔሲ ሴናተር የሆነው ሰው ማለት ነው፣ አምስት ተጋጣሚዎችን በአንድ የባቡር ጉዞ ላይ ደረደራቸው። ሐሙስ ኖቬምበር 9 ኦስቲን ላይ የቴክሳስን ዩኒቨርሲቲ 12 ለ0፣ ዓርብ ሂውስተን ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ0፣ ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቱሌንን 23 ለ0 ረቱ። እሑድን አልተጫወቱም። ሰኞ ባተን ሩዥ ላይ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን (ኤል ኤስ ዩን) 34 ለ0፣ ማክሰኞ ሜምፊስ ላይ የሚሲሲፒን ዩኒቨርሲቲ 12 ለ0 አሸነፉ። ጉዞው በጠቅላላ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደርሰን ብንመለስ እንኳ ይህን አንሞላም።

የደጋው ነገር ግን አያስኬድም። ሰዋኒ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት።

ማራኪ ግቢ፦
ጨዋታው ከእኛ እግር ኳስ የተለየ መሆኑን ሳንይዝ ድካሙን መመዘን አንችልም። በዚያን ጊዜ ኳስ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በ3 ሙከራ 5 ያርድ፣ 4 ሜትር ተኩል ያህል፣ ካልገፋ ያስረክባል፤ ስለዚህም ተጫዋቾቹ ተጠጋግተው በአንድነት ይገፋሉ፣ ከፊታቸው ያለውም ተጋጣሚ በትከሻውና በደረቱ ያግዳቸዋል። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 35 ደቂቃ ሲሆን፣ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ስለማይመለስ ያው 11 ሰው ያጠቃልም ይከላከላልም። የራስ ቁርም ግዴታ አልነበረም። የእርስዎ ተማሪ የተጎዳው በሩጫ ነው፤ እነዚያን ወጣቶች ግን በይበልጥ ያደከማቸው ግጭት ነው፣ ያውም ቁስሉ ሳይደርቅ በማግስቱ የሚደገም ግጭት።

ይህን ታሪክ ለልጆች እንደ ገድል ብቻ ባንነግራቸው እመርጣለሁ። በ1905 በዚሁ ጨዋታ የሚሞቱና የሚጎዱ ወጣቶች በመብዛታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ጠርተው አነጋግረዋል። ተጋጣሚዎቹም ቢሆኑ ገና ጀማሪዎች ነበሩ፤ ቴክሳስ፣ ቱሌን፣ ኤል ኤስ ዩና ሚሲሲፒ ቡድን ያቋቋሙት በ1893፣ ኤ ኤንድ ኤም ደግሞ በ1894 ነው።

የወለቃ ልጅ፦
ስለ አደጋው ከማራኪ ግቢ ጋር እስማማለሁ፤ ስለ ተጋጣሚዎቹ ግን አልስማማም። ሰዋኒም ራሱ የጀመረው በ1891 ነው፤ ደግሞም እነዚያ አምስቱ ሰዋኒን የጠበቁት በባቡር ሲንገላቱ ሳይሰነብቱ ነው። የቡድኑን ብርታት መለካት ከፈለግን ከጉዞው ይልቅ የዓመቱን መጨረሻ እንይ። ኖቬምበር 30 ሞንትጎመሪ ላይ በጆን ሃይስማን የሚሠለጥነውን የአላባማውን ኮሌጅ ኦበርንን የገጠሙ ሲሆን፣ ያሸነፉት 11 ለ10 በሆነ ጠባብ ውጤት ነው። በዓመቱ 12 ጨዋታ 322 ነጥብ አስቆጥረው የተቆጠረባቸው እነዚያ 10 ነጥቦች ብቻ ናቸው። ከዚያም በ2 ቀን ልዩነት አትላንታ ላይ ሰሜን ካሮላይናን 5 ለ0 አሸነፉ። ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ፣ ያኔ 5 ነጥብ ስለነበር፣ የኦበርኑ 1 ነጥብ ምን ያህል ቀጭን ልዩነት እንደሆነ ከዚህ ይገባዎታል። ለእኔ ከአምስቱ የጉዞ ድሎች ይልቅ የኦበርኑ ይበልጥብኛል።

የአዘዞው መምህር፦
ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መነሻው የመግቢያ ገቢ መሆኑን ፈጽሞ አልጠበቅሁም ነበር፤ የእኛም ሁለቱ ጨዋታዎች የተቀራረቡት ሜዳ የተከራየንበት ገንዘብ ለአንድ ሳምንት ብቻ ስለበቃ ነው። ዓርብ በሰሌዳው ላይ አምስቱን ከተሞች ከነቀናቸው ጽፌ፣ የ1905ቱንም ጨምሬ አስተምራለሁ። ለሚቀጥለው ውድድር ደግሞ በሁለት ጨዋታ መካከል ቢያንስ 3 ቀን ዕረፍት እንዲኖር የሚጠይቅ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ተከላካያችን ቁስሉ ደርቆለት ትናንት ልምምድ ጀምሯል።