ሻርዶኔዬን ሳልለቅመው ሻጋታ ገባበት፤ ምን ይሻለኛል?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ከቤታችን ጀርባ ጥቂት መስመር ሻርዶኔ ወይን አለን። ስኳሩ 20 ብሪክስ (የጭማቂ ስኳር መለኪያ) ደርሷል። ሰሞኑን ዝናቡ አላባራ ብሎ ዛሬ ዘለላዎቹን ገለጥ ሳደርግ መሃላቸው ቡኒ ሆኗል፤ ግራጫ ነገርም ለብሷል። ዓርብ ደግሞ ይዘንባል ተብሏል። ቤት ያለው መድኃኒት ከርጭት በኋላ ሳትለቅሙ 7 ቀን ጠብቁ ይላል። ልርጨው?

የወይን እርሻ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አሽቺው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለሽና ትናንሽ ዝንቦች ከወረሩት ሌላ ብስባሴ ነው፤ የሻጋታ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም። ሽታው የሻገተ ነገር ከሆነና ግራጫው ስትነኪው እንደ ዱቄት ብን ካለ ግን ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ነው።

የሻርዶኔ ዘለላ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፍሬዎቹ ውሃ ጠጥተው ሲያብጡ እርስ በርስ ይገፋፉና ቆዳቸው ይሰነጠቃል። ሻጋታው ብዙ ጊዜ ከአበባው ወቅት ጀምሮ እዚያው ተደብቆ የቆየ ነው። አሁን ብትረጪ መድኃኒቱ መሃል አይደርስም። ሰባቱ ቀንም የዋዛ አይደለም፣ ሕግ ነው። ስለዚህ አትርጪ። ሐሙስ ጤዛው ደረቅ ሲል ልቀሚ።

አቤል፦ ወንድሜ፣ 20 አላነሰም? እኔ 23 ሳይሞላ አልነካም።

የወይን እርሻ ሠራተኛ፦ አየሩ ደረቅ ቢሆን እኔም እጠብቅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ግን ስኳሩም ይወርዳል፣ ሻጋታውም ይዛመታል። 20 ብሪክስ ወደ 11 በመቶ አልኮል ይሰጣታል፤ ለነጭ ወይን ምንም አይልም። የሻገተ 23 ከሚሆን ንጹሕ 20 በስንት ጣዕሙ!

ጀማሪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ትንሽ ብቻ የተነካውን ዘለላስ ልጣለው?

የወይን እርሻ ሠራተኛ፦ ትንሽ ከሆነ የታመመውን በመቀስ ቆርጠሽ አውጪ። ግማሹ ከሄደ ግን ሙሉውን ጣይው። አትሳሺ። ሻጋታው ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም ይተዋል፤ ጭማቂውን ያጠቁረዋል፣ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይትም በቀላሉ አይገታውም። ሁለት ባልዲ ያዢ፣ ጤነኛውና የታመመው አይገናኙ። የለቀምሽውን በዚያው ቀን ጭመቂው።

ለከርሞ ደግሞ ፍሬው ሽምብራ ሳያክል በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል በጠዋት ፀሐይ በኩል አራግፊለት። ነፋስ ይግባው። በከሰዓቱ በኩል ያለውን ተዪው፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል። አዲስ ችግኝ የምትተክሉ ከሆነ ፔቲ ማንሳንግ የሚባለውን የወይን ዝርያ አስቡበት። ዘለላው ልል፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ የቨርጂኒያን ዝናብ ይችላል።