«የከብት ጉዳይ ነው» ላላችሁን

የሞያሌው፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «መዥገር የከብት ጉዳይ ነው፤ በሰው ላይ ለሚያመጣው ትኩሳት ቅኝት (ክትትልና ምዝገባ) ይደረግ ማለት ቅንጦት ነው» ተብሎ የተጻፈው አናዶኛል። ወንድሜ ከብት ነጋዴ ነው። ዝናቡ እንደጣለ በትኩሳት ወደቀ። የሄደበት ክሊኒክ «ታይፎይድና ታይፈስ» ብሎ መርፌ ጀመረለት። ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ያየለት የለም። ከጉልበቱ ኋላ መዥገር የነከሰው ቦታ ላይ ሽንብራ የምታህል ጥቁር ቅርፊት ነበረች። ዙሪያዋ ቀልቷል፣ ብሽሽቱም አብጧል።

ላብራቶሪ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቅንጦት ነው እላለሁ። ወባ፣ ኮሌራና ኩፍኝ መች አለቁልን? በየሳምንቱ በሚላከው ሪፖርት ላይ ተስቦም (ታይፈስ) ግርሻም (እያገረሸ የሚመለስ ትኩሳት) አለ። ምን ይጨመር?

ሲስተር፦ ተስቦው የቅማል ነው እኮ! ግርሻውም እኛ ጋ በአብዛኛው የቅማል ነው። የመዥገሩን የት ልጻፈው? «ታይፈስ» እያልን እናልፈዋለን። የታይፈሱ የደም ምርመራ፣ ዌል ፊሊክስ፣ ደግሞ የሚሠራው ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትንም ፖዘቲቭ ይላል።

ላብራቶሪ፦ ሐኪም ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ሁሌ ጥፋቱን እኛ ላይ አትደፍድፉት።

የከብት ሐኪም፦ ማንም አልወቀሰህም። «የከብት ጉዳይ» የምትለዋን ግን አንሳ። እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ከኢትዮጵያ ከብቶች በተለቀሙ መዥገሮች ሪኬትሲያ (ይህን ትኩሳት የሚያመጣው የባክቴሪያ ወገን) እንዳለ ታትሟል። ከዚያው ወገን የሆነው ሪኬትሲያ አፍሪኬ ሰውን እንደሚያሳምምም እ.ኤ.አ. በ1992 ከዚምባብዌ ተዘግቧል። የሚያስተላልፈው መዥገር የኛው እግረ ዝንጉርጉር ነው። ሰው ሲያይ ተከትሎ ይመጣል።

ላብራቶሪ፦ ገዳይ እንዳልሆነም ንገራቸዋ። በዶክሲሳይክሊን ይድናል።

ሲስተር፦ ዶክሲ ካገኘ ነዋ! የሚወጉት መርፌ፣ ሴፍትሪአክሶን፣ ሪኬትሲያን አይነካም። ስንቱ ነው ቤቱን ሸጦ የማይሠራ መርፌ የሚወጋው?

የሞያሌው፦ የወንድሜም እንደዚያ ነበር። ዶክሲ ሲሰጠው በሁለተኛው ቀን እንጀራ ጠየቀ።

ባለመንጋ፦ መዥገር ሲይዛችሁ ነጭ ጋዝ አድርጉበት፣ ይለቃል።

የከብት ሐኪም፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ሲታፈን ምራቁን ይተፋባችኋል። በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ባለመንጋ፦ አባቴ ዕድሜ ልኩን በጋዝ ነው ያወጣው።

ላብራቶሪ፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ጀርሙን በዘረ መሉ የሚለየውን የፒሲአር መሣሪያ ማን ይግዛ?

የሞያሌው፦ ለብቻችን ስለምናስበው ነው የከበደን። ከብቱ ጠዋት እዚህ ውሎ ማታ ኬንያ ያድራል። መዥገሩ ፓስፖርት አይጠየቅም። ከጎረቤቶቻችን ጋር በኢጋድ (በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት) በኩል አንድ ማዕከላዊ ላብራቶሪ ይኑረን። ድንበር ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ደግሞ ቢያንስ ቅርፊት ፈልጎ ይመዝግብ። መመዝገቢያው አንድ ተጨማሪ ረድፍ ነው እኮ!

ላብራቶሪ፦ ያንን ረድፍ የሚሞላው ሰው አንድ ብቻ ነው። ሦስት ክፍል ይሸፍናል። ለዚህ ነው ቅንጦት ያልኩት።

ሲስተር፦ ቅንጦት የሚለውን ቃል ለታማሚው ፊት ለፊት ትለዋለህ?

ላብራቶሪ፦ ማስረጃ አምጡልኝ፣ እቀበላለሁ።

ሲስተር፦ የሞያሌው፣ ቅርፊቷን ፎቶ አንስተሃል?

የሞያሌው፦ ወድቃለች። ጠባሳው ግን አለ፤ ነገ አንስቼ እልካለሁ።

ላብራቶሪ፦ ጠባሳ ማስረጃ አይሆንም።