የአሻንጉሊቷ አንገት አልቆም አለኝ

ሰላም ወገኖች። ከጨርቅና ከወረቀት አሻንጉሊት እየሠራሁ ነው፤ ቁመቷ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ገላዋ አቡጀዲ፣ ውስጡ ጥጥ ነው። ጭንቅላቷን የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየደራረብኩ ሠራሁት። ደርቆ እንደ ቅል ጠንክሯል። ቀሚሷን ከአሮጌ ነጠላ ሰፍቼላታለሁ፤ በእሱ እንኳን አልታማም።

ችግሩ አንገቷ ነው። ጭንቅላቱ ስለሚከብድ ወደ ደረቷ ይደፋል። ጥጥ ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ ውሎ ሲያድር ተጨመቀና ያው ሆነ። ቀጭን ሽቦ ከተትኩ፤ ጫፉ አቡጀዲውን በስቶ ወጣ። ጨርቁን ከወረቀቱ ጋር በሙጫ አጣበቅኩት፤ ብድግ ሳደርጋት ተላቀቀ። ጭንቅላቱን አፍርሼ እንደገና መሥራት አልፈልግም፤ ፊቷ በጣም አምሮልኛል። ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። በዚያ በኩል ምን ባስገባና ከገላዋ ጋር እንዴት ባያይዘው ነው አንገቷ ቀጥ ብሎ የሚቆመው?