ሀዋሳ ላይ የወረቀት ጥገና ቡድን እንድመራ ተመድቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የታቦር ሥር፦

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሀዋሳ ነው። አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የወረቀት ጥገና ቡድን አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ። እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ የመጣልኝን መጽሐፍ ነበር የምጠግነው። አሁን ግን የአምስት ሰው ሥራ ኃላፊነት እኔ ላይ ወድቋል፣ ሙያውን ከልቤ እወደዋለሁ፣ ሰው መምራት ግን ማንም አላስተማረኝም።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ምድር ቤት የቆዩ የአዲስ ዘመን ጥራዞች አሉ፣ ነጋሪት ጋዜጣ አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ፣ ጥቂት የብራና መጻሕፍትም አሉ። ጋዜጦቹ ቡኒ ሆነዋል፣ ሲገለጡ ጠርዛቸው እየተፈረፈረ ይረግፋል። ክረምት ሲሆን ደግሞ በሩ ገና ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ይቀበለናል። ከሐይቁም ብዙ አንርቅም።

አለቆች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ በሩብ ዓመቱ ስንት መጽሐፍ ተጠገነ? ወጣቶቹ ባለሙያዎች ብራናውን መጠገን ነው የሚያምራቸው። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ጠራዣችን ደግሞ ሁሉንም ነገር በአናጢ ነጭ ኮላ ነው የሚያጣብቁት። ዕድሜያቸው አባቴን ያክላል፣ እንዴት ብዬ ነው "ይሄን ይተዉት" የምላቸው? ልምድ ያላችሁ በናታችሁ ጻፉልኝ።

ጥራዝና ክር፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ አዳማ ነኝ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። እኛን የሚያስቸግረን አቧራና ነፋስ ነው፣ እናንተን እርጥበት።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምነካው ክፍሉን ነው፣ መጽሐፉ ይቆይ። ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ግዙ፣ ውድ ዕቃ አይደለም። አንዱን መሀል ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ጥግ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ፣ ምክንያቱም ጥጉና መሀሉ አንድ ዓይነት ቁጥር አያሳዩሽም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ መምጣቱ አይቀርም። ከ60 በታች ማቆየት ከቻላችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ሲሸተው መስኮት ይከፍታል፣ ግን ዝናብ በበዛበት ሰሞን ውጪው ከውስጡ ይልቅ እርጥብ ከሆነ እርጥበቱን ራሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው፣ ስለዚህ መለኪያውን ውጪም ውስጥም ሳታዩ አትክፈቱ። መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ አርቁት። የታችኛው ረድፍ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውንና የጣራውን ቆርቆሮ የሚያይ ሰው መድቢ። ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ የጠቅላላ አገልግሎት ነው የሚል ይኖራል። ያንቺ ሥራ ነው። ውሃ ከገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ካላደረቃችሁት ወይም ፍሪዘር ውስጥ ካላስገባችሁት ሻጋታው ይነሳል፣ ያኔ አምስት ሰው አይበቃሽም።

ሁለተኛ፣ ምን እንዳለሽ እወቂ። ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም። ከመላው ክምችት በዕጣ 400 ገደማ ጥራዝ አውጥታችሁ ብትመረምሩ የጠቅላላውን ሁኔታ በደንብ ይነግራችኋል። ሽፋኑ፣ ስፌቱ፣ ወረቀቱ፣ ሻጋታና ብል፤ እነዚህን ብቻ መዝግቡ። ብራናውን በዕጣው ውስጥ አታስገቡት፣ ለብቻው አንድ በአንድ ይታይ።

ጋዜጦቹን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ነው። በውስጡ ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር አለ፣ በብርሃንና በአየር ቡኒ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ ወረቀቱ የተሠራበትን ቀጫጭን ጭረት (ቃጫ) ከውስጥ ይቆራርጠዋል። አንዴ ከደረቀና መሰበር ከጀመረ ማንም ወደ ልስላሴው አይመልሰውም። አሲድ ማርከስ ቢቻል እንኳ ያዘገየዋል እንጂ የተሰበረውን አያድነውም። ስለዚህ ቡድንሽ እያንዳንዱን የአዲስ ዘመን ገጽ ሲለጣጥፍ እንዲውል አትፍቀጂ። ጥሩ ፎቶ ይነሳ፣ ጥራዙ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ይቀመጥ፣ አንባቢው ፎቶውን ይጠቀም። መሪ የሆነ ሰው ዋናው ውሳኔ የትኛውን እንደማይነካ መምረጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአቶቴ ልጅ፦

የጋሼን ነገር እኔ ልናገር፣ ቡድን የሚፈርሰው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ።

በፍጹም ወጣቶቹ ፊት እንዳታርሚያቸው። መጀመሪያ ስፌት እንዲያስተምሩ ጠይቂያቸው። የድሮ ጠራዥ ክሩን እንዴት እንደሚወጥር፣ ጀርባውን እንዴት እንደሚያከብ ከመጽሐፍ አይገኝም፣ እነዚያ ልጆች በእውነት ያስፈልጋቸዋል። ክብራቸው በቦታው መኖሩን ካወቁ በኋላ ለብቻችሁ ሁናችሁ ይሄን አድርጉ። ከአንድ አሮጌ የማይፈለግ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ውሰጂ፣ አንዱ ላይ በኮላ፣ ሌላው ላይ በስንዴ ስታርች ሙጫ ልጣፍ ለጥፊ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሁለቱንም እርጥብ ጥጥ ጫኑባቸውና ልጣፉን ለማንሳት ይሞክሩ። የስታርቹ ለስልሶ ይነሳል። የኮላው ግን ቢለሰልስም አይሟሟም፣ ሲላጥ የወረቀቱን ቆዳ ይዞት ይነሳል። ፍርዱን ለእሳቸው ተዪላቸው። ነገ ሌላ ባለሙያ የኛን ሥራ ሳይጎዳ መፍታት መቻል አለበት፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ስታርቹ ከጠፋ ቤት ይሠራል። የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውሃ ጠንከር አድርገሽ አቡኪ፣ ሊጡን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያሸሽ እጠቢው። ውሃው ወተት ይመስላል። እጅሽ ላይ እንደ ማስቲካ የሚቀረውን ጣይው፣ ነፍሳት የሚጠራውም በኋላ የሚደርቀውም እሱ ነው። ውሃው ሲረጋ ከሥር ነጭ ዝቃጭ ይተኛል፣ ስታርቹ ያ ነው። አንዱን እጅ በአራት ወይም አምስት እጅ ውሃ በቀስታ እሳት ላይ ሳታቋርጪ አማስዪው፣ ወፍሮ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪሆን። ሲቀዘቅዝ በወንፊት አሳልፊው። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከመጣ ይደፋ።

ስንጥቅ ላይ የሚለጠፈውን ቀጭን የጃፓን ወረቀት ደግሞ በመቀስ አትቁረጡት። በቀጭን ብሩሽ ውሃ አስምሩበትና በመስመሩ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጠርዙ ላይ የሚወጣው ፀጉር መሳይ ጭረት ነው ስንጥቁን የሚይዘው፣ ሲደርቅ ዳርቻው እንኳ በእጅ አይታወቅም።

ከአሞራ ገደል፦

አጠር አድርጌ። ስኮች በክፍሉ ውስጥ እንዳይታይ፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡኒ መስመር ይተዋል። ለወረቀትና ለብራና ታጥቦ የደረቀ እጅ ከጓንት ይሻላል፣ ጓንት ያደረገ ጣት ጠርዙን አይሰማውም። ሻጋታ ሲጸዳ ግን ጓንትም ደህና ማስክም ግድ ነው፣ በረኪና እንዳትረጩ። ብል ያለበት መጽሐፍ ከመጣ በላስቲክ አሽጋችሁ -20 ዲግሪ የሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት አቆዩት፣ ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትፍቱ፣ ወዙ ከውጪ በኩል እንዲቀር። ምስጥ ከሆነ ግን ፍሪዘር አይፈታውም፣ የሕንፃው ጉዳይ ነው።

የታቦር ሥር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የጋሼን ነገር እንደተባለው አደርጋለሁ። አሁን የቀረኝ የአለቆቹ ነው። "ክፍሉን አደረቅን፣ ያልነካነውን መረጥን" ብዬ የሩብ ዓመት ሪፖርት ብጽፍ ማን ይቀበለኛል? ደግሞስ ለወጣቶቹ ምን ልስጣቸው?

ጥራዝና ክር፦

ለሪፖርቱ መቁጠሪያውን ለውጪው። "የተጠገነ" የሚለው አንዱ መስመር ይሁን። ከጎኑ "ካርቶን ውስጥ የገባ"፣ "የተጸዳ"፣ "ፎቶ የተነሳ"፣ "የተመረመረ" የሚሉ መስመሮች ጨምሪ፣ የእርጥበቱን የወር ንባብም አያይዢ። አለቃ ቁጥር ይወዳል፣ ስለዚህ ትክክለኛውን ቁጥር ስጪው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ፍሎረንስ ላይ የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ሲያጥለቀልቅ ከእንግሊዝ የሄደውን ቡድን የመራው ፒተር ዋተርስ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሲሠራ ለትልቅ ክምችት አንድ በአንድ መጠገን እንደማያዋጣ ዓይቶ፣ መጀመሪያ ሁሉንም በልኩ በተሠራ ካርቶን ጠብቀን እናቆይ፣ ጥገናው በተራው ይምጣ የሚለውን አሠራር አስፋፋ። ለአለቆችሽ ይሄን ንገሪያቸው። የኛም ብራና እኮ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ስንቱን ዳዊት ከጭስና ከዝናብ ጠብቆ እዚህ ያደረሰው ያ የቆዳ ማኅደር ነው።

ወጣቶቹን በሳምንት ግማሽ ቀን የማይነካ የጠረጴዛ ጊዜ ስጪያቸው። ስብሰባም ሪፖርትም አይግባበት፣ አንቺም ከጎናቸው ቁጭ ብለሽ ሥሪ፣ እጅሽ እንዳይረሳ። ብራናውን መጀመሪያ በልኩ ማኅደርና ካርቶን ይሥሩለት፣ ጥራዙን፣ ስፌቱን፣ የእንጨት ሽፋኑን እየሳሉ ይመዝግቡ። ውሃ የሚነካው ሥራ በኋላ ይመጣል፣ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይኮማተራል፣ ጥቁሩ ቀለምም ሊላጥ ይችላል።

አሲድ አልባ ካርቶን ካልተገኘ ውስጡን አሲድ በሌለው ወረቀት ሸፍኑት። የልኬት መመዝገቢያ ፎርማችንን ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።