የሰርግ ቀጥታ ስርጭት ምስሉ እየተሰባበረብኝ ተቸግሬያለሁ፤ መላ በሉኝ

ቀራጩ፦ ሰላም ጓዶች። ቅዳሜ የእህቴ ሰርግ ነው። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን እንዲያዩት ከአዲስ አበባ በሞባይል ዳታ ቀጥታ ላስተላልፍ ነው። የማስተላለፊያ ፕሮግራሙ ኦቢኤስ፣ ቪዲዮውን የሚያምቀው ኤክስ264፣ 25 ፍሬም (ምስል) በሰከንድ፣ እዚያው ዋሽንግተን ወደተከራየነው ሰርቨር በዩዲፒ (የጠፋ ዳታ ድጋሚ በማይልክ የመላኪያ ዘዴ)። ትናንት ስሞክረው የእናቴ ፊት በአራት ማዕዘን ተቆራረጠ። ድምፁ ወዲያው ተመለሰ፤ ምስሉ ግን 10 ሰከንድ ያህል እንደተበላሸ ቆየ።

ምንተስኖት፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ችግሩን የምትነግርህ ያቺ 10 ሰከንድ ናት። የታመቀ ቪዲዮ አንድ ሙሉ ምስል፣ ማለትም ኪፍሬም ይልክና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚልከው። መሃል ላይ አንድ ፓኬት (የሚላከው ዳታ አንድ ቁራጭ) ከጠፋ ቀጥለው የሚመጡት ምስሎች የተበላሸው ላይ ይደረባሉ። አዲስ ኪፍሬም እስኪመጣ አይጠራም። ኦቢኤስ ላይ የኪፍሬም ኢንተርቫሉን፣ ማለትም ከአንዱ ኪፍሬም እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ፣ 0 (ራሱ እንዲመርጥ) ላይ ትተኸዋል መሰለኝ። ያኔ ኤክስ264 እስከ 250 ፍሬም ይቆያል፤ ለ25 ስታካፍለው 10 ሰከንድ። 2 ሰከንድ አድርገው። ከዚያ በታች አታውርደው፤ ኪፍሬም ከባድ ስለሆነ ቢትሬቱን (በሰከንድ የምትልከውን የዳታ መጠን) ይበላብሃል።

የሸገር ልጅ፦ ዩዲፒውን ለብቻው አትጠቀም። ሰርቨሩ ከተቀበለ ኤስአርቲ በሚባለው የመላኪያ ዘዴ አድርገው፤ የጠፋውን ፓኬት ድጋሚ ያስልካል። ለዚህ ግን ጊዜ ስጠው። ሲጀምር ያለው 120 ሚሊሰከንድ ለዋሽንግተን አይበቃም። ፒንግህን (ዳታ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) በ4 አባዛው። ልብ በል፣ ኦቢኤስ ላይ በሰርቨሩ አድራሻ ውስጥ ሌተንሲው (ይህ የምትሰጠው ጊዜ) የሚጻፈው በማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሚሊሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። እኔ አንዴ 1000 ብዬ 1 ሰከንድ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ የሰጠሁት 1 ሚሊሰከንድ ነው!

ሰላማዊት፦ የጠፋውን በመጠባበቂያ ፓኬት የሚጠግነው ኤፍኢሲስ? በየ10 ፓኬቱ አንድ መጠባበቂያ ብትልክ ድጋሚ መጠየቅ አያስፈልግም።

የሸገር ልጅ፦ ሰሊ፣ ከ10ሩ አንድ ብቻ ከጠፋ ይሠራል። ሞባይል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተከታትለው ነው የሚጠፉት። ሁለት ከጠፉ ያ አንዱ መጠባበቂያ አያድናቸውም። የሰርግ ተመልካች ደግሞ አንድ ሰከንድ ቢዘገይበት አያውቀውም።

ጋሽ ካሜራ፦ ልጄ፣ አዳራሹ ሲሞላ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ያወጣል፤ ኔትወርኩ ያኔ ነው የሚጨናነቀው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የለካኸውን አፕሎድ (የመላኪያ ፍጥነት) አትመን። ቢትሬቱን ከግማሹ በታች አድርገው።

ቀራጩ፦ ጋሼ፣ እሺ፤ አፕሎዱ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ስለሆነ ቢትሬቱን ወደ 2 አወረድኩት። ፒንጌ 250 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ሌተንሲው ላይ 1000000 ጻፍኩ፣ የኪፍሬም ኢንተርቫሉንም 2 አደረግኩ። አሁን እናቴን ደግሜ አቆምኳት። 20 ደቂቃ ሙሉ አንዴ ብቻ ብልጭ ብሎ ጠራ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ቅዳሜ ማታ ተመልሼ እነግራችኋለሁ።